ቅዳሜ ከሰዓት በሚስ ጆ ጎሚስታ ቤት

ልጅ ሆኜ ከዓለም ሁሉ አብልጬ የምወደው ቦታ ቴክሳስ፣ አርሊንግተን ውስጥ ያለ አሮጌ ጎሚስታ ቤት ነበር። እዚህ ዳላስና ፎርት ወርዝ መሃል ያደጋችሁ የእኔ ዘመን ልጆች የልጅነታችሁን ነገር ስትጽፉ ስለ ኳስ ሜዳው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ስለ ሠርጉ ጭፈራ ነው የምትጽፉት። ጥሩ ነው፣ እኔም አነባለሁ። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ፐንክ ነው። ፐንክ ማለት ሦስት ኮርድ ብቻ የሚችል ልጅ ጊታሩን ክሩ እስኪበጠስ የሚመታበት፣ ዘፋኙም ከመዝፈን ይልቅ የሚጮህበት ሙዚቃ ነው። ናፍቆኝ ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ ተናድጄ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም፣ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ወደዚህ አገር የመጣነው ዲቪ ለእናቴ ደርሷት ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ የረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል፤ ስለዚህ ቤድፎርድ የተከራየናት ጠባብ አፓርትመንት የእኔና የእናቴ ነበረች ማለት ይቻላል። እናቴ ደሴ አስተማሪ ነበረች። የእጅ ጽሑፏ ከማማሩ የተነሣ ሰሌዳ የማጥፋት ተራ የደረሰው ተማሪ ለማጥፋት ይሳሳ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። እዚህ ያገኘችው ሥራ ግን ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ለአውሮፕላን መንገደኛ ምግብ ማሸግ ነው። ከሺፍት ስትመለስ ልብሷ የቀዘቀዘ ዶሮና የላስቲክ ጓንት ይሸት ነበር። የስልክ ድርጅቱን፣ ክሊኒኩን፣ የአፓርትመንቱን ኦፊስ የማናግርላት እኔ ነኝ። ልጅ ሆናችሁ ይህን ሥራ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። እናታችን ስትቆጣ ቁጣዋን አለስልሰን እናስተላልፋለን፤ ሰውየው ሲንቃት ንቀቱን እንውጥላታለን፤ በመሃል የራሳችን ድምፅ የት እንደገባ ሳናውቀው ይጠፋል።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ የምግብ ጋሪ በር የእናቴን ቀኝ እጅ ያዘው። ሁለት ጣቶቿ ተሰበሩ። በሳምንቱ ሱፐርቫይዘሯ ኮል አድርጎ ኦፊስ እንድትመጣ፣ እኔንም ይዛኝ እንድትመጣ ነገራት። ከትምህርት ቤት መልስ ሄድን። ሰውየው ድምፁ ለስላሳ ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠን፣ ለእኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው ማሽን ኮላ አወጣልኝ፣ እንግሊዝኛዬን ሰምቶም በጣም ስማርት ልጅ እንደሆንኩ ነገረኝ። ከዚያ ሦስት አንቀጽ ያለበት ወረቀት ፊቴ አስቀመጠና እናቴ እንድታርፍበት የተዘጋጀ ነው፣ እንድትፈርም ንገሪያት አለኝ።

አነበብኩት። ሁሉም ቃል አልገባኝም፤ የገባኝ ግን በቂ ነበር። የተጎዳሁት የጥንቃቄ ደንቡን ባለመከተሌ፣ በራሴ ጥፋት ነው ይላል። ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ ይላል። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ይህ ምን ማለት ነው አልኩት። ፈገግ ብሎ የፎርም ቋንቋ ነው፣ ወረቀት ሁሉ እንደዚህ ነው የሚጻፈው አለኝ። እናቴ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

“ምን ይላል?” አለችኝ።

“የዕረፍት ወረቀት ነው። ፈርሚ” አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። አልገባኝም ብዬ ማሳበብ እችላለሁ፣ ግን ውሸት ነው። ስማርት ነሽ ብሎኛል፤ አልገባኝም ብዬ ስማርትነቴን ላጣው አልፈለግኩም። ደግሞም አፈርኩባት። እናቴ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ መከራከር ስትጀምር ሰውየው ፊቱን እንዴት እንደሚያደርገው በዓይኔ መጣብኝ። ቶሎ ተነሥተን እንድንሄድ ብቻ ነበር የፈለግኩት። እሷም ቀኝ እጇ በፋሻ ስለተጠቀለለ ብዕሩን በግራዋ ይዛ ፈረመች። ያቺ ለጽሑፏ የሚሳሱላት ሴት ስሟን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ አንጋደደችው።

ፋሻው ሲፈታላት ወደ ሥራ ሄደች። የወሰዷት ከላያችን ፎቅ የሚኖሩትና እዚያው መጋዘን የሚሠሩት ሜክሲኳዊቷ ወይዘሮ ኤልቪራ ናቸው። እናቴ በሩ ላይ ባጇን ብታስነካው ቀይ መብራት በራ። ደግማ ደጋግማ አስነካችው። ጥበቃው ገለል በይ አላት። የወይዘሮ ኤልቪራ ሺፍት እስኪያልቅ እናቴ ስምንት ሰዓት ሙሉ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው አጠገብ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ የቴክሳስ ሐምሌ ነበር። ቤት ስትመጣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ባጁ ሳይበላሽ አይቀርም፣ እስቲ ደውይልኝ አለችኝ። ደወልኩ። በፈቃዷ ለቃለች አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ለጊዜው ሥራ ቀንሰዋል አልኳት። እናቴ ክፍል ውስጥ የምትወደው አባባል ነበራት፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትል ነበር። የእኔ እንኳን ወለምታ አይደለም። ስብራት ነው።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ዝም አልኩ። ማለቴ እናገራለሁ፣ እተረጉማለሁ፣ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣለሁ፤ ግን ስለዚያ ወረቀት ለማንም አልተነፈስኩም። የወይዘሮ ኤልቪራ ልጅ ማሪሶል በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ጸጉሯን ግማሹን ላጭታ ግማሹን አረንጓዴ የቀባች፣ እናቷ እንኳ ተስፋ የቆረጡባት ልጅ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አየችኝና መኪና ውስጥ ግቢ አለችኝ። ለእናቴ ላይብረሪ ነው የምንሄደው አልናት።

ጎሚስታ ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነበር። ባለቤቱ ሞቶ ለሚስቱ ቀርቷል። ሚስ ጆ እንላቸዋለን፤ ስልሳ ያለፋቸው፣ እጃቸው እንደ ወንድ እጅ የደነደነ፣ ሲጋራ እንጂ ሌላ ነገር አፋቸው ውስጥ የማይገባ የሚመስሉ ሴትዮ ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጋራዡን ለፐንክ ባንዶች ይለቁት ነበር። ደንባቸው ግድግዳው ላይ በጎማ ምልክት ማድረጊያ ኖራ ተጽፏል፤ መጠጥ የለም፣ ጠብ የለም፣ የወደቀ ይነሣል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሙቀቱ ያፍናል። አሮጌ ላስቲክ፣ ግሪስ፣ የልጆች ላብና የብርቱካን ሶዳ ተቀላቅሎ ይሸታል። መድረክ የሚባል ነገር የለም፤ ባንዱ ሲሚንቶው ላይ ይቆማል፣ ሕዝቡ ፊቱ ይቆማል፣ በቃ።

የመጀመሪያው ከበሮ ሲመታ ቆርቆሮው ከላይ፣ ሲሚንቶው ከታች ነዘረኝ። ከዴንተን የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ ማይኩን ጨብጣ ስትጮህ የአንገቷ ሥር ይታያል። ስለምን እንደምትጮህ አንድ ቃል አልሰማሁም። ግን የጠራት የለም፣ አስተርጓሚ አልፈለገችም፣ ማንም ዝቅ በይ አላላትም። ከፊቷ ልጆቹ እየተጋፉ፣ እየተላጉ፣ እየተገፈታተሩ ይዞራሉ። ገብቼ ወደቅሁ። ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ ሳያርፍ አራት እጅ በብብቴ ገብቶ አነሣኝ። ማን እንዳነሣኝ እንኳ አላየሁም። ወደ ቤት ስንመለስ ጆሮዬ ጭው ይል ነበር። ማሪሶል መኪናውን ፓርክ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝና እያለቀስሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አላመለጠኝም። በዓመቱ ማሪሶል ጊታር፣ ኬሊ የምትባል የክፍል ጓደኛዬ ከበሮ፣ እኔ ድምፅ ሆነን የራሳችንን ባንድ አቋቋምን። ስሙን ፍላት አልነው፤ የተነፈሰ ጎማ ማለት ነው። ልምምድ የምናደርገው እዚያው ጋራዥ፣ ሚስ ጆ የመኪና ክሪክ እየጠገኑ ነበር። ግጥም አምጪ ሲሉኝ በእንግሊዝኛ ምንም አልወጣልኝም። በእንግሊዝኛ ሁልጊዜ የምናገረው የሌላ ሰው ነገር ነው። አንድ ቀን ግን ኬሊ ከበሮውን ስትደልቅ ሳላስበው በአማርኛ ወጣ።

ፈርሚ አልኳት፣ ፈረመች፤
አምናኝ እንጂ መች አነበበች።
ወረቀቱ ሌላ፣ አፌ ሌላ፤
እናቴን ሸጥኩ በአንድ ኮላ።

ማሪሶል ምን ማለት ነው አለችኝ። ስለ ሥራ ነው አልኳት። ይኸው እንግዲህ፣ እዚያም ዋሸሁ። ግን ያ ዘፈን ተወደደ። ሕዝቡ ከመላው ግጥም የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ፈርሚ። እኔ አንድ ጊዜ ስል ስልሳ ልጅ ተቀብሎ አራት ጊዜ ይመልሰዋል፤ ፈርሚ፣ ፈርሚ፣ ፈርሚ፣ ፈርሚ። ትርጉሙን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው ደስ ያለኝ። ኃጢአቴን በየሳምንቱ ስልሳ ሰው ፊት እናዘዛለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። ፈሪ የሚመርጠው ኑዛዜ እንደዚህ ያለ ነው።

ይህን መሸሸጊያዬን ያፈረሰው የወይዘሮ ኤልቪራ ደግነት ነው። ልጃቸውን ሊሰሙ ሊሄዱ ሲነሡ ጎረቤታቸውን ትተው መሄድ ከበዳቸው። ሁለቱ ሴቶች የሚግባቡት በመጋዘን እንግሊዝኛ ነው። ያንቺ ልጅ ትዘምራለች፣ ነይ አሏት። እናቴ መዘመር ሲባል የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መሰላት። መምጣቷን እኔ አላውቅም። ያን ቅዳሜ ሦስተኛ ዘፈናችን ላይ፣ እዚያው ፈርሚ ላይ ደርሰን ዓይኔን ስገልጥ በቆርቆሮው በር ስር፣ ብርሃኑ ከኋላዋ እየመጣ፣ ሰማያዊ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ እናቴ ቆማለች።

በዚያ ሰዓት አንደኛውን ስንኝ ብዬዋለሁ። ድምፄ ተቆረጠ። ማሪሶል የረሳሁት መስሏት ጊታሩን ቀጠለች። ሕዝቡ ደግሞ ሊረዳኝ ፈልጎ ይሆናል፣ ቃሉን ነጠቀኝና ጮኸ። ስልሳ ልጅ ጡጫውን እያነሣ ፈርሚ፣ ፈርሚ፣ ፈርሚ ይላል፤ የምትሰማው ደግሞ ከዓለም ሁሉ ያቺ አንዲት ሴት ናት። ፊቷን አየሁት። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር፣ አማርኛ በመስማቷ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ሲሄድ አየሁ። በሕይወቴ የማልረሳው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ወደ ፊት መጣች። ልጆቹ ትልቅ ሰው መሆኗን አይተው መንገድ ለቀቁላት። አንድ ክንድ ያህል ቀርታ ቆመች። ኬሊ ከበሮውን አቆመች። እናቴ አልጮኸችም። ክፍል ውስጥ ያልተሰማ ተማሪ እንደምታናግር በዚያ ድምፅዋ፣

“ድገሚው። ቀስ ብለሽ” አለችኝ።

ደገምኩት። ሙዚቃ የለ፣ ጩኸት የለ። አራቱንም ስንኝ፣ ማይኩን ወደ ታች አድርጌ፣ ለእሷ ብቻ አልኩት። ስጨርስ ራሷን ነቀነቀች፤ ተረድቻለሁ ማለቷ እንጂ ይቅርታ አልነበረበትም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

ቤት ስንደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ከመሳቢያ የዚያን ወረቀት ኮፒ አወጣች። አጣጥፋ አስቀምጣው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና አንብቢልኝ አለች። የማላውቀውን ቃል ዲክሽነሪ አስወጣችኝ። በራሴ ጥፋት የሚለው ጋ ስንደርስ አስቆመችኝና ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። እኔ ስናገር እሷ፣ ቀኝ እጇ ብዕር መያዝ ስለተሳነው፣ በግራዋ አማርኛውን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ፊደሎቹ ተንጋደው፣ ተራርቀው፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ። ሦስት አንቀጽ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠች።

“ለማያውቅሽ ለዚያ ሁሉ ሰው ነገርሽ” አለች። “አንድ ቤት እያደርን ለእኔ አልነገርሽኝም።”

ለሦስት ሳምንት ከብዪ ጠጪ በቀር አላናገረችኝም። ባትቀጣኝም፣ አባቴ ሲመጣ ባትነግርብኝም፣ ያ ዝምታ ከጥፊ ይከፋ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ከትምህርት ቤት አስቀረችኝና ወይዘሮ ኤልቪራ እንዲያደርሱን ለምና መጋዘኑ ኦፊስ ሄድን። ያ ለስላሳው ሰውዬ የለም፤ አድጎ ሌላ ቅርንጫፍ ሄዷል። ዴስኩ ላይ ያለችው ወጣት ሴት ወረቀቱን አየችና ጊዜው አልፏል፣ የተፈረመ ነገር አይነሣም አለች። እናቴ እንዳትነሣ በእጇ ምልክት ሰጠቻት።

“ተርጉሚ፣ አንድም ሳታስቀሪ” አለችኝና ወደ ሴትዮዋ ዞረች። “ጽሑፉን ማንበብ እንደማልችል ታውቃላችሁ። አስተርጓሚ ጠርታችሁ ማስነበብ ስትችሉ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አስቀመጣችሁ። ልጄን ውሸታም ያደረጋት ይህ ቤት ነው። እጄ ይቅር፤ ይህን ግን አልተውላችሁም።”

ተረጎምኩ። ምንም አላለሰለስኩም። በጎሚስታ ቤቱ ያወቅሁት ያ ድምፅ መጣልኝ፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ዞረው አዩን። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ለበላይ አስተላልፋለሁ አለች። ከበላይም ከበታችም አንድ ነገር አልመጣም። ሕግ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አማከርን፣ ሁለቱም ጊዜው አልፏል አሉን። ታሪኩ በድል የሚያልቅ የመሰላችሁ ካላችሁ አዝናለሁ። ግን ከዚያ ኦፊስ ስንወጣ እናቴ ደኅነኛው እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፣ እስከ መኪናውም አላነሣችውም።

ፍላት ሁለት ዓመት ያህል ቀጠለ። ያን ዘፈን ግን ዳግም አልተጫወትነውም፤ ሕዝቡ ፈርሚ እያለ ሲጠይቀን ማሪሶል ሌላ ትጀምራለች። ለእሷና ለኬሊ ትርጉሙን ነግሬአቸው ነበር። ከዚያ ከጎሚስታ ቤቱ ማዶ የነበረው ባዶ መሬት ላይ ባለ አምስት ፎቅ አፓርትመንት ተሠራ። አዲሶቹ ነዋሪዎች የመጡት ሰፈሩ ሕይወት አለው ተብለው ነው፤ ገብተው ሳምንት ሳይሞላቸው በሕይወቱ ጩኸት ለከተማው አስተዳደር ኮምፕሌይን አደረጉ። በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሜ፣ በዘጠኝ ሰዓት። ኢንስፔክተር መጣ፣ ሌላ ኢንስፔክተር መጣ፣ በሩ ጠበበ ተባለ፣ ጣሪያው አረጀ ተባለ። ለሠላሳ ዓመት ጎማ ሲጠገንበት ያልጠበበ በር ልጆች ሲጮኹበት ጠበበ። ሚስ ጆ ደክሟቸው ሸጡት። በመጨረሻው ቅዳሜ ደንባቸውን ከግድግዳው ላይ በእርጥብ ጨርቅ ራሳቸው ሲያጠፉት ቆመን አየን።

ዛሬ ቦታው ምግብ ቤት ነው። ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረቦቼ ሳላውቅ ለምሳ ወሰዱኝ። ቆርቆሮውን ትተውታል፣ ያምራል ብለው። ግድግዳው ላይ የማይጫወት ጊታር ተሰቅሏል፣ የእኛ ዘመን ባንዶች በእጃችን ፎቶ ኮፒ ያደረግናቸው ማስታወቂያዎች በመስታወት ፍሬም ገብተዋል። ሙዚቃው ወሬ እንዳያውክ ዝቅ ብሏል። አስተናጋጇ ስለ ቦታው ታሪክ ልትነግረኝ ጀመረች፤ እዚህ ድሮ የተናደዱ ልጆች ይሰበሰቡ ነበር አለችኝ፣ እየሳቀች። ምግቤን ሳልነካው ተነሣሁ። የጠሉትን ሲሞት የሚወዱት ሰዎች አሉ። ሲጮህ ያሳድዱታል፣ ዝም ሲል በፍሬም ይሰቅሉታል።

ማሪሶል ዴንተን ትኖራለች፣ በሳሎኗ ባንድ ታስተናግዳለች፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራባታል። እናቴ በግራ እጇ ጥሩ አድርጋ ትጽፋለች፤ እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያኑ ልጆች ፊደል ታስተምራለች። ይቅር ብላኛለች። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥን፣ ያን ነገር ትቼዋለሁ፣ አንቺም ተዪው አለችኝ። እኔ ራሴን ለመተው ሞከርኩ። እነሱን ግን አልተውኳቸውም።

አሁን ሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። ያኔ ልጅ ነበርን፣ ሕጉም ልማዱም አልነበረም እላለሁ፤ ዛሬ በስልክ፣ በስክሪን የሚተረጉም አለ፣ እኔም አለሁ። ሆኖም ባለፈው ወር አንድ ክፍል ስገባ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአባቷን የቀዶ ሕክምና ወረቀት ይዛ ቆማለች። ዶክተሩ ልጅቷ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ አስተርጓሚ የምንጠብቅበት ጊዜ አልነበረንም አለኝ። ልጅቷ ወረቀቱን አጥብቃ ይዛው ነበር፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ አንድ ቃል ላይ ቆማለች። ወረቀቱን ከእጇ ተቀበልኳትና ውጪ ቁጭ በይ፣ ይህ ያንቺ ሥራ አይደለም አልኳት። ለዶክተሩም ከመጀመሪያው መስመር እንድንጀምር ነገርኩት። አባትየው አሥራ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ አሥራ አንዱንም አስመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጠራችኝ። ሥራዬን እንደምታከብር ነገረችኝ፣ ዶክተሩ ግን በድምፄ ቅር ብሎታል፣ ለወደፊቱ ትንሽ ዝቅ ብታደርጊው አለችኝ።

አይሆንም አልኳት።